የሕይወት ታሪኩ በቁማቸው ይጻፍ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ሴት አያቶቻችን ነው። ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ አሳድገው፣ ቤተ ዘመዱን አንድ ላይ ይዘው ስለኖሩት፣ ዕድሜያቸውን ስንጠየቅም «ዘጠና ሳያልፋቸው አይቀርም» ብለን በግምት ስለምንመልስላቸው እናቶች። እርሳስና ወረቀት ብትይዙ መልካም ነው፤ የምናሰላው ሒሳብ አለ።

ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የማያውቅ የለም። ጸሎተ ፍትሐቱ እንዳበቃ አንድ ዘመድ ወረቀት ይዞ ይቆማል። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት፣ በቀድሞው አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር በ1920 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለአቅመ ሔዋን ሲደርስ ትዳር መሥርተው ይህን ያህል ልጆች አፈሩ። ደግ፣ ሩኅሩኅና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ። ባደረባቸው ሕመም በሕክምናና በጸበል ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።» የዘጠና ዓመት ኑሮ በሦስት ደቂቃ ተነብቦ ያልቃል።

ይህ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍም ታውቃላችሁ። መርዶው ተነግሮ፣ የእድሩ ድንኳን እየተተከለ፣ ጽሑፍ ይችላል የተባለ የወንድም ወይም የእኅት ልጅ ጥግ ይይዛል። «እትዬ በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር የተወለዱት?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ 1918 ይላል። ሌላው «ኧረ ጣልያን ሲገባ ትልቅ ሴት ነበሩ» ይላል። ሦስተኛው ከመታወቂያቸው አየሁ ብሎ 1920 ሲል በዚያው ይጸድቃል። የአባታቸው አባት ስም ላይ ክርክር ይነሣል። የእናታቸው እናት ስም ጭራሽ የሚያውቀው አይገኝም። መልሱን የሚያውቁት አንድ ሰው ነበሩ፤ እሳቸው አሁን አይናገሩም።

የዛሬው መልእክታችንም እዚህ ላይ ነው፤ የእናቶቻችን የሕይወት ታሪክ በለቅሶ ሌሊት ሳይሆን በቁማቸው፣ ከራሳቸው አንደበት ይጻፍ። እንዴት ነው የሚጻፈው? ልደቱ ያልተመዘገበ ሰው ዕድሜ እንዴት ይቆጠራል? አብረን እንየው።

(አጭር ሙዚቃ)

በቅድሚያ ለምን እንዳልተመዘገበ እንረዳ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲሰፍሩ ቢደነግግም የመዝገቡ ክፍል በሀገር ደረጃ ሳይተገበር ለዐሥርት ዓመታት ቆየ። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ በመላ ሀገሪቱ ምዝገባው የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው። የዛሬ አያቶች ሲወለዱ የመንግሥት መዝገብ አልነበረም ማለት ነው። መታወቂያቸው ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት ብዙውን ጊዜ የቀበሌ ጸሐፊ ፊታቸውን አይቶ የሞላው ነው። ግምት ደግሞ ጠባይ አለው፤ በዜሮና በአምስት ወደሚያልቅ ቁጥር ያደላል። በሕዝብ ቆጠራዎቻችንም፣ በ1976 በተካሄደው በመጀመሪያውና ከዚያ በኋላ በመጡት፣ ስልሳና ሰባ ዓመት ነን ያሉት ስልሳ አንድና ስልሳ ዘጠኝ ነን ካሉት እጅግ ይበልጣሉ። እናንተም እቤት ያለውን መታወቂያ እዩት፤ 1915፣ 1920፣ 1925 የሚል ከሆነ ጠርጥሩ።

እናቶቻችን ዓመተ ምሕረቱን ባያውቁትም ዘመኑን ያውቁታል። ሕይወታቸውን የሚያስታውሱት በሀገር ላይ ከወረደው ነገር ጋር አስረው ነው። ዕድሜ ለመቁጠር የመጀመሪያው ቁልፍ ይኸው ነው፤ የሕዝብ ጥናት ባለሙያዎችም ዕድሜውን የማያውቅ ሰው ሲገጥማቸው ታዋቂ ክስተቶችን እየጠሩ ይጠይቃሉ።

ዋና ዋናዎቹን ልጥራላችሁ፣ ጻፏቸው። የኅዳር በሽታ፣ 1911 ዓ.ም.። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923። የማይጨው ጦርነት፣ መጋቢት 1928። የየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ፣ 1929። የንጉሡ መመለስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933። የብር ኢዮቤልዩ፣ 1948። የታኅሣሥ ግርግር፣ 1953። የወሎ ረኀብና የአብዮቱ ፍንዳታ፣ 1966። የእድገት በኅብረት ዘመቻና የመሬት ዐዋጅ፣ 1967። የሶማሊያ ወረራ፣ 1969 እና 1970። ሰባ ሰባት፣ ያ ክፉ ረኀብ። የደርግ መውደቅ፣ ግንቦት 1983።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ ክስተቱ በየአገሩ እኩል አልደረሰም። «ጣልያን ሲገባ» ማለት ለአዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ለጎንደር አንድ ወር ይቀድማል። ኢሉባቦር ጎሬ ላሉ ግን ጣልያን የገባው ኅዳር 1929 ነው። «ጣልያን ሲወጣ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ በ1933 ነፃ ስትወጣ ጎንደር የጠላት የመጨረሻ ምሽግ ሆና እስከ ኅዳር 1934 ቆይታለች። ስለዚህ «ጣልያን በወጣ በዓመቱ ተዳርኩ» የሚሉ የጎንደር እናትና የአዲስ አበባ እናት በአንድ ዓመት አልተዳሩም። ምን ሆነ ብላችሁ ስትጠይቁ የት ነበሩ ብላችሁም ጠይቁ።

ሁለተኛው ቁልፍ የወንጌላውያን ዘመን ነው። በክርስትናው ወገን ያደጉ አረጋውያን «በዘመነ ሉቃስ»፣ «በዘመነ ዮሐንስ» ማለት ይቀናቸዋል። አራቱ ወንጌላውያን በየዓመቱ ስለሚፈራረቁ ሒሳቡ ቀላል ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት አካፍሉ። ቀሪው አንድ ከሆነ ማቴዎስ፣ ሁለት ከሆነ ማርቆስ፣ ሦስት ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ ነው። ሊቃውንቱ 5500 ጨምረው በዓመተ ዓለም ያሰሉታል፤ 5500 ለአራት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ውጤቱ ያው ነው። ሞክሩት፦ 1923 ለአራት ሲካፈል ሦስት ይቀራል፤ ንጉሡ ዘውድ የጫኑት በዘመነ ሉቃስ ነው።

ሦስተኛው ቁልፍ ክርስትና የተነሡበት በዓል ነው። ወንድ ልጅ በዐርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ትጠመቃለች። እናትዮዋ የክርስትናቸውን ዕለት ካስታወሱ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

እስቲ ሦስቱን ቁልፎች አንድ ላይ እንሞክራቸው። አንዲት የቡልጋ እናትና የልጅ ልጃቸው ቡና ላይ ተቀምጠው ያወራሉ እንበል።

«እማማ፣ ጣልያን ሲገባ የት ነበሩ?»

«ጀርባ ላይ ነዋ! እናቴ አዝላኝ ገደል ገባች አሉ። እኔ ምኑን አውቄው፣ የነገሩኝን ነው።»

«በእግርዎ አልሄዱም?»

«ወንድሜ በእግሩ፣ እኔ በጀርባ። አልቅሼ እንዳላስይዛቸው ጡቷን አፌ ላይ አድርጋ አደረች ይሉኛል።»

«የተወለዱት በማን ዘመን ነው ይላሉ?»

«በማርቆስ። አባቴ ሲቆጣኝም ሲያሞካሸኝም የማርቆስ ልጅ ነበር የሚለኝ።»

«ክርስትናስ መቼ ተነሡ?»

«ለታኅሣሥ ገብርኤል። ስሜም ወለተ ገብርኤል አይደል!»

በቃ፣ አገኘናቸው። ጣልያን ወደ ቡልጋ የዘለቀው በ1928 ነው። ያኔ ጡት የሚጠቡና የሚታዘሉ ከሆነ ከሦስት ዓመት አይበልጡም። በዚያ አካባቢ ያሉት የማርቆስ ዓመታት 1922፣ 1926 እና 1930 ናቸው። በ1922 ተወልደው ቢሆን የስድስት ዓመት ልጅ ስለሚሆኑ እንደ ወንድማቸው በእግራቸው ይሄዱ ነበር። በ1930 ከሆነ ደግሞ ገና አልተወለዱም። ስለዚህ 1926 ነው። ከታኅሣሥ 19፣ ከገብርኤል በዓል፣ ሰማንያ ቀን ወደ ኋላ ስንቆጥር መስከረም ማለቂያ ላይ እናርፋለን። እማማ የተወለዱት በመስከረም 1926 መጨረሻ፣ መስቀል እንዳለፈ ነው። መታወቂያቸው 1920 ቢል ስድስት ዓመት አስረጅቷቸዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ሙስሊም እናቶቻችንም የራሳቸው ቁልፍ አላቸው። ረመዳን በየዓመቱ ዐሥር ወይም ዐሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ወደ ነበረበት ወቅት የሚመለሰው ከሠላሳ ሁለት ወይም ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። አንዲት የወሎ እናት «የመጀመሪያ ጾሜን የጾምኩት አጨዳ ላይ፣ ኅዳር ነው» ካሉ፣ ረመዳን በኅዳር የዋለው በ1929 አካባቢ ነበር፤ ተመልሶ የመጣው በ1962 አካባቢ ነው። የትኛው እንደሆነ ፊታቸውን አይቶ መለየት አያቅትም። የገዳ ሥርዓት ባለበት ደግሞ በየስምንት ዓመቱ የሚለዋወጠው የአባ ገዳ ዘመን ራሱ የታሪክ መቁጠሪያ ነው፤ በማን አባ ገዳ ዘመን እንደተወለዱ መጠየቅ ይበቃል።

ዕቃዎችም ይናገራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ያሳስታሉ። ሙዳይ ውስጥ የተቀመጠ ወይም ለጌጥ አንገት ላይ የታሰረ ጠገራ ብር ብታገኙ 1780 የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ማርትሬዛ ሁሉ ያንኑ ቁጥር ይዟል። ስለዚህ ዘመን አይነግራችሁም። ይልቅ «ጥሎሽዎ በማርትሬዛ ነበር ወይስ በወረቀት ብር?» ብላችሁ ጠይቁ። የኢትዮጵያ ብር ሕጋዊ ገንዘብ የሆነው በ1937 ስለሆነ መልሱ የሠርጉን ዘመን ያጠብባል።

ሣጥን ውስጥ ያሉ ወረቀቶችንም አገላብጡ። ለብዙ እናቶች ስማቸው የሰፈረበት የመጀመሪያው ወረቀት የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ነው። የቡልጋዋ እማማ ያን ጊዜ የዐርባ አምስት ዓመት ሴት ናቸው። ቀን ሲጋግሩና ውኃ ሲቀዱ ውለው፣ ማታ ልጆቻቸው ከሚሆኑ አስተማሪዎች ፊት ተቀምጠው «ሀ ሁ» ብለዋል። «በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማን አስተማረዎት? መጀመሪያ የጻፉት ቃል ምን ነበር?» በሏቸው፤ ሲስቁ ታያላችሁ።

አድማጮቻችን፣ ከዓመተ ምሕረቱ ይልቅ ቶሎ የሚጠፋ ነገር አለ፤ የእናት ወገን የዘር ሐረግ ነው። በሀገራችን ልጅ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው። የእናት ስም ከልጁ ስም ጋር አይሄድም። በሌላ በኩል ሴቷ ስታገባ የባሏን ስም አትወስድም፤ የአባቷንና የአያቷን ስም ይዛ ትኖራለች። ስለዚህ የእማማ ሙሉ ስም ራሱ የሦስት ትውልድ መዝገብ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን፣ የእናታቸውን፣ የእናታቸውን እናት፣ እነዚያ ከየት ተድረው እንደመጡ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠርም «እነዚህ ልጆች ዘመድ ናቸው፣ አይሆንም» የሚሉት ብዙ ጊዜ እኒሁ አያት ናቸው። ያን ዕውቀት ወረቀት ላይ አውርዱት። የትውልድ ቦታውንም በጊዜው አጠራር ጻፉ። ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዛሬ በአስተዳደር ካርታ ላይ የለም፤ የልጅ ልጅ ልጆቻችሁ ግን ሊፈልጉት ይችላሉ።

እንዲህ ያለ ሥራ ምን ፍሬ እንዳለው የሚያሳይ ምሳሌ አለ። ጋዜጠኛ አይዳ እደማርያም የአያቷን የወይዘሮ የተመኙን ሕይወት ከአንደበታቸው እየሰማች ጽፋ በ2010 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳትማለች። ወይዘሮ የተመኙ የጎንደር ልጅ ናቸው። ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው ሁለት ዐሥርት ያህል ለሚበልጧቸው ካህን ተዳሩ። የጣልያንን ወረራ፣ የጎንደርን መደብደብ፣ መበለትነትን፣ የልጆች ሞትን፣ የንጉሡን መውደቅና አብዮቱን ሁሉ አይተው መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው ዐረፉ። ጸሐፊዋ ታሪኩን ያዋቀረችው በኛው ወራት ነው፤ መስከረም፣ ጥቅምት እያለች። ወይዘሮ የተመኙ ጦር አልመሩም፣ ሹመትም አልያዙም። መጽሐፉ የሀገር ታሪክ የሆነው ስለ ማዕድ ቤቱ፣ ስለ ምጡና ስለ ለቅሶው እሳቸው ያዩትን ራሳቸው ስለተናገሩት ነው።

ሁላችንም መጽሐፍ እንጻፍ ማለታችን አይደለም። ስልካችሁ ላይ ያለው ድምፅ መቅጃ ይበቃል። እንዴት መቅዳት እንዳለባችሁ ግን ጥቂት እንምከር።

ከ«መቼ ተወለዱ?» አትጀምሩ፤ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» ተብላችሁ ወሬው እዚያው ያልቃል። ከሥራ ጀምሩ። «ወፍጮ ቤት ሳይመጣ በፊት እንዴት ነበር የሚፈጨው? ማን ይቀሰቅስዎት ነበር? ስንት ሰዓት?» በሉ። እጃቸው እንደ ፈጪ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ ሲጀምር ትዝታው መጥቷል ማለት ነው። ቴሌቪዥኑን አጥፉ፤ ስልኩን ከረከቦቱ አርቁት፣ የሲኒው ድምፅ ቃላቸውን ይውጠዋል። መቅዳታችሁን አስቀድማችሁ ንገሯቸውና ፈቃዳቸውን ጠይቁ። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የሚናገሩትን ሰው ስም በድምፃችሁ አስገቡ። አንድ ጥያቄ ጠይቃችሁ ዝም በሉ፤ ዝምታው ሲረዝም አትሙሉት። «አይ፣ ያ እኮ በ1953 ነው» እያላችሁ አታርሟቸው፤ ሒሳቡ በኋላ ይደርሳል።

ልጆቻቸውን ስትጠይቁ ተጠንቀቁ። ልጅ መቁጠር የማይወዱ እናቶች ብዙ ናቸው። በሕፃንነታቸው የሞቱ፣ ስማቸው ከተነሣ ዘመን ያለፋቸው ልጆችም ይኖራሉ። «ስንት ወለዱ?» ከማለት «የመጀመሪያው ሲወለድ ማን አዋለደዎት?» ማለት ይሻላል። ካለቀሱ አብራችሁ ተቀመጡ፤ አትቸኩሉ። ይቅር ካሉ ይቅር።

በውጭ ሀገር የምትኖሩ አድማጮቻችንም ይህ ሥራ ይመለከታችኋል። በስደት አሜሪካ የገቡ ብዙ ወላጆች የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቶላቸዋል። በ1977 እና በ1983 ዘመቻዎች ወደ እስራኤል ከተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን መካከልም ዕድሜያቸው በግምት የተመዘገበላቸው ብዙ ናቸው። የኛው ዓመተ ምሕረት ሳይቀየር እንዳለ ሲገለበጥ ደግሞ እናት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት መደመር እንዳለበት አትርሱ። ከዋሽንግተንም ሆነ ከዱባይ ስትደውሉ «ደህና ናችሁ? እኛም ደህና ነን» ከሚለው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ እዚህ ያለው ዘመድ ይቅዳው።

የሰበሰባችሁትን ስትጽፉ «ደግ ነበሩ» ብላችሁ አትለፉ፤ ደግነቱ የታየበትን ሥራ ጻፉ። «ሐሙስ ከገበያ ሲመለሱ ለሰፈሩ ሕፃን ሁሉ ቆሎ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡ ነበር» የሚለው አንድ መስመር ከሦስት የሙገሳ ቃላት ይበልጣል። ጽሑፉን ለራሳቸው አንብቡላቸው፤ የተሳሳተ ካለ ያርሙት፣ የማይፈልጉት ካለ ይውጣ። ታሪኩ የእሳቸው ነው። ካለቀ በኋላ ድምፁን ቢያንስ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል። ጽሑፉም በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቅር፤ አባዝታችሁ ለየልጁ ስጡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

ውድ አድማጮቻችን፣ በሚመጣው ሰንበት ቤተሰብ ሲሰበሰብ አንድ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የእናታቸውን ስም፣ የእናታቸውን እናት ስም፣ የተወለዱበትን መንደርና በማን ዘመን እንደተወለዱ። ሌላው በሌላ ቀን ይቀጥላል። እናቶቻችን ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው፤ እኛም ሳንጠይቃቸው አንቆይ።